በፕሮቲን ብዛት አትታለሉ

በቢሾፍቱና በአካባቢዋ አሳማ የምታረቡ ባልንጀሮቼ፣ እባካችሁ ስሙኝ። በብድር ሥራ የጀመሩት ወጣቶች መኖ የሚቀላቅሉት እኛን እያዩ ነው፤ የእኛ ስሕተት የእነሱ ኪሳራ ይሆናል። ጡት ለጣለ ግልገል ፋጉሎ እየጨመራችሁ «ፕሮቲኑ በቂ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ።

ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ድምር ነው፤ ግልገሉም ሥጋ የሚያበጀው ሁሉም በየልካቸው ሲደርሱት ነው። ከጥማዱ አንዱ በሬ ከደከመ የሌላው ጉልበት እርሻውን አያፋጥነውም። በቆሎ በበዛበት መኖ ቀድሞ የሚያጥረው አሚኖ አሲድ ላይሲን ነው። 7 ኪሎ አልፎ ወደ 10 የሚሄድ ግልገል በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ደሙ የሚገባ 13 ግራም ያህል ላይሲን ይሻል፤ አንድ ኪሎ በቆሎ ያለው 2.5 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ ቢበዛም ላይሲኑ አነስተኛ ነው፤ አሰሩም ለጨቅላ አንጀት ይከብዳል።

ክፍተቱን በፕሮቲን ብዛት እንሙላው ካላችሁ ጉዳቱ ይብሳል። ያልተፈጨው ፕሮቲን ትልቁ አንጀት ገብቶ ይብላላል፤ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያም ይራባበታል። ጠዋት በረት ስትገቡ ጀርባው የጎበጠ፣ ፀጉሩ የቆመ፣ ከጅራቱ ሥር በቢጫ ውሃ የራሰ ግልገል ይጠብቃችኋል። ያኔ አንቲባዮቲክ መደርደር የመኖውን ጉድለት መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም።

ስለዚህ አደራ እላለሁ። አኩሪ አተርን በጥሬው አትስጡ፤ ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም ያግዳል። ስትቆሉትም አታሳርሩት፤ ላይሲኑ ይጠፋል። የተመረተ ላይሲን ካገኛችሁ ፕሮቲኑን ቀንሱና እሱን ጨምሩ፤ ነገር ግን በእሱ ብቻ አትቁሙ። ሌሎቹም አሚኖ አሲዶች በልካቸው ይድረሱ፤ ላይሲን 100 ቢሆን ትሪዮኒን 60 ያህል፣ ሜታዮኒንና ሲስቲን በድምሩ ከ55 እስከ 60፣ ትሪፕቶፋን ደግሞ ከ16 እስከ 20 መሆን አለባቸው። ትሪፕቶፋን ሲያጥር ግልገሉ መብላቱንም ይቀንሳል።

መኖ ስትገዙ ፕሮቲኑን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ ላይሲኑ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ መልስ ካጣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ምክር ፈልጎ በራችሁን ለሚያንኳኳ ወጣትም ይህንኑ ሳታስተምሩ አትሸኙት።