ጉድጓዱ የማን ነው?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ግንባታው በዝቷል። ይብዛ! ቢሮም፣ መንገድም፣ መኖሪያ ቤትም ያስፈልገናል። "ግንባታ ይቁም" የሚል ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ድንጋዩና ገረጋንቲው ተጭኖ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ጉድጓድ የማን ነው?

"የኔ ነው" የሚል የለም። ኮንትራክተሩ ማሽኑን ጭኖ ይሄዳል። አሠሪው መሥሪያ ቤት ሪባን ይቆርጣል። ጉድጓዱ ለገበሬውና ለልጆቹ ይቀራል። እዚህ ካፋ ዝናብ ሁለት ሦስት ወር ጥሎ አያባራም፤ የዓመቱን አብዛኛውን ወር ይዘንባል። ዳገት ላይ ተቆርጦ ራቁቱን የቀረ አፈር ታጥቦ ወንዝ ይገባል። ከወንዞቻችን ብዙዎቹ ጎጀብ ይገባሉ፣ ጎጀብ ደግሞ ኦሞ ይገባል፣ ከዚያ ግልገል ጊቤ 3 ግድብ። በአንድ እጃችን ግድብ እየሠራን በሌላው ደለል እየላክንለት ነው።

"ልማት ነው፣ ጫካ ለሰው ነው" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስማማለሁ፣ ለሰው ነው! ቡናችን የሚኖረው በዚያ ጫካ ጥላ ሥር ነው፤ ማሩም ከዚያው ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ካፋን በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግብም አጥር አላጠረብንም። እምብርቱ ይጠበቅ፣ ዙሪያው ላይ ኑሩበት፣ ሥሩበት ነው ያለው። ሠርታችሁ ግን አበላሽታችሁ ሂዱ አላለም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 የልማት ሥራ አካባቢን እንዳያበላሽ፣ የሚነካው ሕዝብም እንዲመክርበት ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው? ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር፣ ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። እስቲ ከእናንተ ውስጥ አንድም ጊዜ ያንን ሰነድ ያየ እጁን ያውጣ!

ችግሩ ያለው ዋጋው ላይ ነው። ኮንክሪቱ በሜትር ኪዩብ ዋጋ አለው፣ ብረቱ በኪሎ ዋጋ አለው። ካባውን መልሶ ማስተካከል ግን ብዙ ጊዜ "ኮንትራክተሩ አካባቢውን ይጠብቃል" በምትል አንዲት መስመር ይታለፋል። ዋጋ ያልተቆረጠለትን ሥራ ማን ይሠራል?

ስለዚህ የምለው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ካባ ሲከፈት የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ይከመር፤ ሲዘጋ ይመለስ፣ ሣርና አገር በቀል ዛፍ ይተከልበት። ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ እንደ ኮንክሪቱ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ የራሱ ዋጋ ይኑረው። ሦስተኛ፣ መሬቱ ተስተካክሎ የቀበሌው ሰው አይቶ ሳይፈርም የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ። "ወጪ ይጨምራል" አትበሉኝ። ወጪውማ ዛሬም አለ፤ የሚከፍለው ገበሬው ስለሆነ ነው የማይታያችሁ።

ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ፎርማን፣ ሰርቬየር፣ መሐንዲስ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። የክፍያ ሰርተፊኬት በእጃችሁ ያልፋል። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ቃል ብቻ ጠይቁልኝ፦ ጉድጓዱ የማን ነው?

የማይስማማ ካለ ኮሜንት ላይ እንከራከር። የተስማማ ሼር ያድርግ።