«ኮንቴይነሩን አጠፋሁት፣ ፍቅረኛዬም ስልኬን አታነሳም!»

በዚህ ዓምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ኑሮ ብዙ ተጨዋውተናል። የዛሬው ጠያቂያችን ግን ፍቅርንና ኮምፒዩተርን ባንድ ላይ አስሮ ነው የመጣው። ስሙን አንጠቅስም። ዕድሜው 24 ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ ዌብ ሳይት እየሠራ የሚተዳደር ወጣት ነው። ደብዳቤውን አሳጥረን እነሆ፦

«ለዓምዱ አዘጋጅ፤ የፍቅረኛዬ ታላቅ እህት የሙሽራ ልብስ ታከራያለች። ዌብ ሳይት ሥራልኝ ብላ ቀብድ ሰጠችኝ። ሰርቨር ተከራይቼ ኤንጂንኤክስን በዶከር ኮንቴይነር አስነሳሁት። የልብሶቹን ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ እኔም ኮንቴይነሩ ውስጥ እየገባሁ አስቀምጣለሁ። ኮንፊጉንም የጻፍኩት እዚያው ውስጥ ገብቼ ነው። ሦስት ወር ያለ ችግር ሠራ። ባለፈው ሳምንት አዲስ ቨርዥን ላስገባ ብዬ የድሮውን ኮንቴይነር አጥፍቼ እንደገና ሳስነሳው፣ ‹ወደ ኤንጂንኤክስ እንኳን ደህና መጡ› ከሚል ገጽ በቀር ምንም የለም! ጊዜው ደግሞ የሠርግ ሰሞን ነው። እትዬ ‹ገንዘቤን በልቶ ሥራዬን አጠፋው› ትላለች፤ ፍቅረኛዬም ለእህቷ አድልታ ስልኬን አታነሳም። ጓደኞቼ ‹ሀከር ገባበት በላቸው፣ ማን ያውቃል?› ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድማችን፣ በመጀመሪያ ተረጋጋ። የሀከሩን ነገር መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። አስቀድመን ምን እንደደረሰብህ እንይ። ኮምፒዩተር አይመለከተኝም የምትሉ አንባቢያንም ታገሱን፣ የመጨረሻው ነገር ለሁላችንም ነው።

ኮንቴይነር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ዕቃ አይደለም። ሞጆ ደረቅ ወደብ ተደርድሮ የምናየው፣ በየሰፈሩም በር ተቆርጦለት ሱቅ የሚሆነው የብረት ሳጥን ነው። እ.ኤ.አ በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት ነጋዴ 58 ሳጥኖችን በአንዲት መርከብ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ሂውስተን ላከ። የሳጥኑ ጥቅም ምንድነው? ውስጡ ጨርቅ ይሁን ቴሌቪዥን፣ ክሬኑ ሳይከፍት አንስቶ ያስቀምጠዋል። ሰለሞን ሃይክስ እ.ኤ.አ በ2013 ዶከርን ካሊፎርኒያ ላይ ለባለሙያዎች ሲያሳይም ሐሳቡ ያው ነበር፤ ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ነገር አሽገህ የትም ሰርቨር ላይ ብታራግፈው ይሠራል።

አንተን ያሳሳተህ እዚህ ላይ ነው። ኢሜጅ የሚባለው እንደ ልብስ ሰፊ ንድፍ ነው። ኮንቴይነር ደግሞ በዚያ ንድፍ የተሰፋው ልብስ። በልብሱ ላይ ጥልፍ ብትጨምርበት ንድፉ አይለወጥም። ልብሱን ጥለህ በዚያው ንድፍ ሌላ ብታሰፋ ጥልፉ አብሮ አይመጣም። ፎቶዎቹና ኮንፊጉ ያንተ ጥልፍ ነበሩ። ኮንቴይነሩን አቁመህ መልሰህ ብታስነሳው ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ስታጠፋው ግን ውስጡ የጻፍከው ሁሉ አብሮት ሄደ። ዶከር አልበደለህም፣ ሥራው ይኸው ነው።

ታዲያ ተስፋ የለም ማለት ነው? የለም፣ አለ! አንደኛ፣ የቆሙትንም ጨምሮ የኮንቴይነሮቹን ዝርዝር አውጣና እይ። የድሮው ቆሞ እንጂ ጠፍቶ ካልሆነ፣ ባይነሳም እንኳ «ዶከር ሲፒ» በሚለው ትእዛዝ ፋይሎቹን ቀድተህ ማውጣት ትችላለህ። ሁለተኛ፣ ሰርቨሩን ያከራየህ ድርጅት የቀደመ ቅጂ ይዞ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቅ። ሦስተኛ፣ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ትልክልኛለች አላልክም እንዴ? ቻቱን ካላጠፋችሁት እዚያው ናቸው! እንደ ፎቶ የተላኩት ጥራታቸው ይቀንስ ይሆናል፣ እንደ ፋይል የተላኩት ግን እንደነበሩ ናቸው። የማይመለሰው ኮንፊጉ ነው፤ እሱን አንድ ሌሊት ቁጭ ብለህ ትጽፈዋለህ።

አሁን ደግሞ እንዴት አድርገህ እንደምትሠራው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፣ በእርጋታ ይሁን።

ዋናው ነገር፣ እንዲቀመጥልህ የምትፈልገውን ሁሉ ከኮንቴይነሩ ውጪ አድርግ። ሰርቨሩ ላይ ሁለት ፎልደር ክፈት፤ አንዱ ለገጾቹና ለፎቶዎቹ፣ ሌላው ለኮንፊጉ። ኮንቴይነሩን ስታስነሳ የመጀመሪያውን ኤንጂንኤክስ «ኤችቲኤምኤል» ብሎ ገጾችን ከሚያነብበት ቦታ፣ ሁለተኛውን «ኮንፍ ዶት ዲ» ከሚባለው ቦታ ጋር አገናኛቸው። ኤንጂንኤክስ ከእነዚህ ማንበብ እንጂ መጻፍ ስለማያስፈልገው ለንባብ ብቻ ብለህ ስጠው። ከዚያ ወዲያ ኮንቴይነሩን አሥር ጊዜ ብታጠፋውም ንብረትህ አይነካም።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ያገናኘኸው ፎልደር ኢሜጁ ውስጥ የነበረውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ባዶ የኮንፊግ ፎልደር ብታገናኝ ኤንጂንኤክስ ይነሳል፣ ግን የትኛውንም ፖርት አያዳምጥም፤ አንተም ምን ነካው እያልክ ታድራለህ። ሁለተኛው፣ አንዷን ፋይል ለብቻዋ ሳይሆን ሙሉ ፎልደሩን አገናኝ። ብዙ የጽሑፍ ፕሮግራሞች ሴቭ ስታደርግ የድሮውን ፋይል በአዲስ ይተኩታል። ኮንቴይነሩ የድሮውን እንደያዘ ይቀራል። አንተ ትቀይራለህ፣ እሱ አይሰማህም!

ኮንፊግ በቀየርክ ቁጥር በ«ኤንጂንኤክስ ቲ» ፈትሽና ከዚያ ሪሎድ አድርግ። አንዲት ሴሚኮለን ብትረሳ የት መስመር ላይ እንደሆነ ይነግርሃል። ሳትፈትሽ ሪስታርት ካደረግክ ግን ጭራሽ አይነሳም፤ ደንበኛ እያየ።

ስለ ፖርት፦ ከሁለቱ ቁጥሮች በስተግራ ያለው የውጪው በር፣ በስተቀኝ ያለው የውስጡ ነው። ዶከር የከፈተው ፖርት በተለመደው የኡቡንቱ ፋየርዎል የዘጋኸው ቢመስልህም ለውጪው ዓለም ክፍት ሊሆን ይችላል። ዳታቤዝ ካለህ ፖርቱን ለውጪ አትክፈት። ኮንቴይነር ውስጥ «ሎካልሆስት» ማለት ደግሞ ያው ኮንቴይነሩ ራሱ ነው፣ ሰርቨሩ አይደለም። «ባድ ጌትዌይ» እያለ የሚያስለቅሳችሁ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሁለቱን ኮንቴይነሮች በአንድ ኔትወርክ አስገብታችሁ በስማቸው አጠራሯቸው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ወይም ሰርቨሩ ሪስታርት ሲያደርግ ኮንቴይነሩ በራሱ እንዲነሳ ካልታዘዘ አይነሳም። ስለዚህ «አንለስ ስቶፕድ» የሚለውን ጨምርበት። «ሌተስት» ከማለትም የቨርዥኑን ቁጥር ጻፍ። ይህን ሁሉ በአንድ የኮምፖዝ ፋይል አስፍረህ፣ ከሰርቨሩ ውጪም ቅጂ ያዝ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ወደ ሀከሩ እንምጣ። አታድርገው! ሀከር ገባ ብትላት እትዬ የመጀመሪያ ጭንቀቷ የደንበኞቿ ስምና ስልክ ይሆናል። ለሙሽሮቹ ደውላ ታስደነግጣለች። ሌላ ባለሙያ አምጥታ ታስፈትሻለች፤ እሱም የታዘዘውን ትእዛዝ ታሪክ ከፍቶ ማን እንዳጠፋው በደቂቃ ያገኘዋል። ያኔ ሥራ ያበላሸ ልጅ መባልህ ይቀርና ውሸታም ትባላለህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ፍቅረኛህም ብትሆን አሁን የተናደደችው በጠፋው ፎቶ ነው። ነገ ግን ያንተን ቃል ማመን ይቸግራታል፤ ለዚህ ደግሞ ባክአፕ የለውም።

በአካል ሂድ፣ በቴሌግራም አይሆንም። እንዲህ በላት፦ «እትዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፎቶዎቹን ከቻታችን እየሰበሰብኩ ነው። እስከዚህ ቀን እመልሰዋለሁ፣ ለዚህ ሥራ ሳንቲም አልጠይቅሽም። ካልቻልኩ ቀብዱን እመልሳለሁ።» ቀኑን ስትናገር የምትደርስበትን ተናገር። ፍቅረኛህን አማላጅ አታድርጋት፤ በእህቷና ባንተ መሀል ማቆም ግፍ ነው። አንድ አጭር መልእክት ብቻ ላክላት፤ እውነቱን፣ እህቷ ዘንድ መሄድህንም። ከዚያ ዝም በልና ሥራህን ሥራ።

እንዲህ አድርገህም ካልተመለሰች? ያዝናል። ግን በውሸት ከያዝካት ይልቅ በእውነት ብታጣት ይሻላል፣ እኛ እንዲህ ነው የምናምነው። እናንተስ አንባቢያን ምን ትላላችሁ? ጻፉልን። እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱ!