ይርጋና የጋፋት ገበሬ

ዕዳ ያረጃል ወይ? ሕጉ «አዎን» ይላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1845፣ ከውል የመጣ የገንዘብ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ እንዲታገድ ደንግጓል። መልካም! ግን ይህን ለጋፋት ገበሬ ማን ነገረው?

ማዳበሪያ በዱቤ ወስዶ፣ ውርጭ ገብሱን መትቶበት፣ በጉን ሸጦ ሩቡን የከፈለ ሰው አለ እንበል። በቁጥር 1851 ዕዳውን እንዳመነ ይቆጠርና 10ሩ ዓመት «ሀ» ብሎ እንደገና ይጀምራል። አምስት ሳንቲም ሳይከፍል አድፍጦ የተቀመጠው ግን፣ አበዳሪው እስካልከሰሰው ድረስ፣ ዓመቱ ይቆጠርለታል። ጉድ እኮ ነው! ይሉኝታ ያለው ይቀጣል፣ ዓይን አውጣው ይገላገላል።

ዳኛውስ? ባለዕዳው ራሱ ይርጋን ካላነሣ ዳኛው በገዛ ፈቃዱ እንዳያነሣው ቁጥር 1856 ከልክሎታል። ጠበቃ የሌለው ሰው ስሙን እንኳ ያልሰማውን ነገር ምን ብሎ ያንሣ?

«ለአበዳሪውስ አታስብም?» ትሉኝ ይሆናል። አስባለሁ፤ በጊዜው ይክሰስ፣ ገንዘቡን ያስመልስ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 በየ7 ዓመቱ ዕዳ እንዲተው ያዛል፤ እኔ ያን ያህል አልጠየቅሁም። የምጠይቀው ለማዳበሪያ ዕዳ ከፊል ክፍያ ዓመቱን እንዳያድሰው፣ ዳኛውም ይርጋ መኖሩን ለገበሬው እንዲነግረው ነው። በውሉ ላይም፣ ከወለዱ አጠገብ፣ ዕዳው በይርጋ የሚታገድበት ቀን በጉልህ ይጻፍ።