«ሪፎርም» ማለት ምን ማለት ነው? ቅርጹን የሚሰጠውስ ማነው?

ወጣቶች!

ከ2010 ወዲህ «ሪፎርም» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ ሰማችሁ? በስብሰባ ሪፎርም፣ በዜና ሪፎርም፣ በየባነሩ ሪፎርም። አሶሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብትሉ እንኳ አታመልጧትም። ግን ቃሏ ከየት መጣች?

ምንጯ ላቲን ነው። «ሬ» ማለት ዳግም፣ «ፎርማ» ማለት ቅርጽ። ዳግም ቅርጽ መስጠት ማለት ናት። የእኛው «ለውጥ» ደግሞ ከ«ለወጠ» የመጣ ነው፤ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበልም ለውጥ ነው። ልዩነቱ ለወርቅ አገር ልጅ አይጠፋውም። ቀለበትህን በሌላ ቀለበት ብትቀይር ለወጥክ፤ አቅልጠህ እንደገና ብታሠራው ሪፎርም አደረግክ።

እንግሊዞች በ1832 (በፈረንጆቹ) የሪፎርም ሕግ ያወጡት ለምን ነበር? ኦልድ ሳረም የምትባል ነዋሪ አልባ ለመሆን የተቃረበች ቦታ ሁለት የፓርላማ ወንበር ነበራት። ትልቋ ማንችስተር ግን አንድም አልነበራትም! የተጠየቀው ድምፅ ነበር። ከሕጉ በኋላም አብዛኛው ሠራተኛ ድምፅ ስላላገኘ ትግሉ ቀጠለ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በመጋቢት 2010 ኢሕአዴግ ሊቀመንበሩን ሲመርጥ ምክር ቤቱ 180 መቀመጫ ነበረው፤ ለአራቱ አባል ድርጅቶች 45፣ 45። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ድምፅ ስንት ነበር? ዜሮ! «አጋር» ነበርና። ሪፎርሙ የተወለደበት ቀን እኛ ተመልካች ነበርን።

በ2012 ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት «አጋር» የሚለው ስም ቀረ። ይህን አንክድም፤ ቀላል ነገርም አይደለም። ግን በ2013ቱ ምርጫ አገር ሲመርጥ ብዙው የመተከልና የካማሺ ሕዝብ በጸጥታ ችግር ሳይመርጥ ቀረ። ካርዱን የያዘው በሰኔ 2016 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ!

ስለዚህ ወገን፣ ስም መቀየርና ዳግም መሠራት አንድ አይደሉም። በሚቀጥለው ስብሰባ አንዱ ተነስቶ «ሪፎርም» ሲል ዝም ብላችሁ አታጨብጭቡ። በጨዋነት እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ ቅርጹን የሚሰጠው ማነው? በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ አብሮን የሚኖረውስ ወገን እጁ አለበት ወይ?

እጃችን ከሌለበት ለውጥ ሊባል ይችላል። ሪፎርም ግን አይደለም!