ሉቻኖን ከሚዛን የሚያወርዱት

ስለ ወርቃማው ዘመን እግር ኳሳችን ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ ደጎሎም ይሁን አዲስ አበባ፣ ፍርዱ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ መንግሥቱ ወርቁ አንደኛ፣ የተቀረው አጃቢ። የመንግሥቱን ታላቅነት አልክድም። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ግቦችን ያስቆጠረ፣ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ አሠልጣኝ ሆኖ ቡድናችንን ሊቢያ ድረስ የመራ ሰው ነው። የሚከነክነኝ ሉቻኖ ቫሳሎ ከሚዛን የሚወርድበት ምክንያት ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽ 2 ለ 1 ስትመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አቻ ያደረገን አምበሉ ሉቻኖ ነበር። ያች ግብ ባትኖር በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ያገቧቸው ግቦች ከየት ይመጡ ነበር? ተከራካሪዎቻችን ግን «እሱማ ጣሊያን ነው» ብለው ያልፉታል። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት መሆናቸው እውነት ነው። ታዲያ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የጣሊያንን መለያ ለብሶ ኖሯል? ከአሥመራ የመጣውን ሁሉ ብንሰርዝስ ከዚያ ቡድን ስንት ሰው ይተርፈናል?

በችሎታ ማበላለጥ የሚሻ ይምጣ፤ አንደኛው አጥቂ፣ ሌላኛው አማካይ ነበሩና የግብ ቁጥር ብቻውን አይዳኝም። ሉቻኖ በደርግ ዘመን ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ2022 በባዕድ አገር አርፏል። አሁን ደግሞ ከክርክራችንም እያሰደዱት ነው።