የሰማይ ይዞታ

የኮሎምቢያ ሕገ መንግሥት 101ኛ አንቀጽ የአገሪቱን ግዛት ይዘረዝራል። ደሴቱን፣ ባሕሩንና አየሩን ቆጥሮ ሲያበቃ አንድ እንግዳ ነገር ይጨምራል፤ የጂኦስቴሽነሪ ምሕዋር ድርሻዋን። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ1991 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሐሳቡ ግን የቆየ ነው።

በዲሴምበር 1976 የምድር ወገብ የሚያቋርጣቸው አገሮች ቦጎታ ላይ ተሰበሰቡ። ከአፍሪካ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ኮንጎና የያኔዋ ዛየር ነበሩበት። ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ኢንዶኔዥያም አሉ፤ ብራዚል ታዛቢ ነበረች። በየአናታችን ላይ ያለው ምሕዋር የእኛ ነው ብለው መግለጫ አወጡ። የ1967ቱ የህዋ ስምምነት ማንም አገር ህዋን ግዛቴ ነው እንዳይል ይከለክላል። እነሱ ግን ስምምነቱ ህዋ ከየት እንደሚጀምር አልደነገገም፤ ይህ ምሕዋር ደግሞ በምድር ስበት የሚኖር የምድር ሀብት ነው ሲሉ ተከራከሩ። ኃያላኑ አልሰሟቸውም። እኔም ፊዚክሱ አያሳምነኝም፤ ጨረቃንስ ይዞ የሚያዞራት ያው የምድር ስበት አይደል? ቦታውን ኃያላኑ ቀድመው ይጨርሱታል የሚለው ስጋታቸው ግን እውነት ነበር።

ስጋቱን ለመረዳት የአዲስ አበባን ዲሽ ሠራተኛ ማየት ይበቃል። በ2020 የሳተላይት ቴሌቪዥን አገልግሎቱ ኢትዮሳት ሲጀመር ሰፈሩ ሁሉ ጣሪያ ላይ ወጣ። ለናይልሳት ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ሳህን ተፈትቶ ሽቅብ አንጋጠጠ፣ ትንሽም ወደ ምሥራቅ ዞረ። አንዱ ቆርቆሮው ላይ ሆኖ ብሎኑን እያላላ «መጣ?» ይላል፤ ሌላው ከቴሌቪዥኑ ፊት «ሄደ! ሄደ! ትንሽ መልሰው!» ብሎ ይጮኻል። አንዴ ከያዘ በኋላ ግን ማንም አይነካውም። ሳተላይቱ ከምድር እኩል ስለሚዞር እዚያው የቆመ ይመስላልና። እንዲህ «መቆም» የሚቻለው ደግሞ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ተጠጋግተው በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚያሰራጩ ሳተላይቶች ስለሚረባበሹ ቦታው ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሲሆን፣ በአብዛኛው ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ ያመለከተ ነው።

ኢትዮሳት የተከራየው ሳተላይት ባለቤት ኤስኢኤስ የተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ነው። ሉክሰምበርግ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አይሞላም፤ የራሷ ሮኬትም የላትም። በ1985 ኩባንያው ሲቋቋም ግን መንግሥቷ ከጎኑ ቆመ፤ ዛሬ የእኛ ዜናና ድራማ በዚያ በኩል ያልፋል። ቶንጋም አለች፤ የፓሲፊክ ውቅያኖስ የደሴቶች አገር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድም ሳተላይት ሳይኖራት ለ16 ቦታዎች አመለከተች። ትልልቆቹ ጮኹ፤ ተቀንሶም ቢሆን ጥቂት ቦታዎች አገኘችና ማከራየት ጀመረች። ደላላ ናት ብለው የሰደቧት ነበሩ። እኔ ግን ጎበዝ ናት እላለሁ። ሩዋንዳም በ2021 ከ327,000 ለሚበልጡ ሳተላይቶች ማመልከቻ አስገባች፤ በወቅቱ በህዋ ላይ የሚሠሩት ሁሉ ተደምረው 10,000 አይሞሉም ነበር። የቦጎታው ጩኸትም ጨርሶ ከንቱ አልቀረም። በታዳጊ አገሮች ግፊት በ1988 ለእያንዳንዱ አገር ቢያንስ አንድ ቦታ እንዲጠበቅለት ተወስኗል።

አሁን ተራው የጨረቃ ነው። በደቡብ ዋልታዋ ፀሐይ ነክቷቸው የማያውቁ ጉድጓዶች ውስጥ በረዶ አለ። በረዶው የሚጠጣ ውኃ፣ የሚተነፈስ ኦክስጅንና የሮኬት ነዳጅ ይሆናል። ለፀሐይ ኃይል የሚመቹት፣ ብርሃን እምብዛም የማይለያቸው ጫፎች ግን ጥቂት ናቸው። በኦገስት 2023 የሩሲያዋ ሉና 25 ወደዚያው ስታመራ ተከሰከሰች፤ በአራተኛው ቀን የሕንድ መንኩራኩር በሰላም አረፈች። አሜሪካ በ2020 የአርጤምስ ስምምነትን አስፈረመች፤ ቻይናና ሩሲያ በበኩላቸው የጋራ የጨረቃ ጣቢያ እንሠራለን ብለው በ2021 ተፈራረሙ። የአርጤምሱ ሰነድ ሀብት ማውጣት በራሱ ግዛት መያዝ አይደለም ይላል፤ በሥራ ቦታ ዙሪያም «የደኅንነት ቀጠና» ይፈቅዳል። መሬቱ የሕዝብ ነው ተብሎ አጥሩ የባለሀብት እንደሚሆነው መሆኑ ነው። የቻይናውያኑ ሰፈርም ቦታ ቀድሞ ከያዘ ይለቃል ብዬ አላስብም።

አፍሪካም ተከፋፍላለች። ናይጄሪያ፣ ሩዋንዳና አንጎላ ከአሜሪካ ጋር ፈረሙ፤ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ከቻይና ጋር። ሴኔጋል ብልህ ሆና ሁለቱም ዘንድ ገብታለች።

እኛስ? በዲሴምበር 2019 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ የወጪውን አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ነበረች። ወጣት መሐንዲሶቻችን ብዙ ተምረውበታል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። የጨረቃ በረዶ ለማን እንደሚሆን የሚወሰነው ግን በመሐንዲስ ሳይሆን በሕግ አዋቂ ነው። ቪየና በሚሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የህዋ ኮሚቴ ሥር ስለ ህዋ ሀብት የሚመክር የሥራ ቡድን አለ፤ ኢትዮጵያም የኮሚቴው አባል ናት። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የህዋ ሕግ ማስተማር ይጀምሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ሁለት ሦስት ወጣት የሕግ ባለሙያዎችን ለዚሁ ጉዳይ መድቦ በየስብሰባው ይላክ፤ የአንድ ሳተላይት ዋጋ አይፈጅበትም።