ኀዘናችንን በትክክለኛ እንግሊዝኛ እንግለጽ



ቋንቋ የልብ መልእክተኛ መሆኑ የታወቀ ነው። በሰቆጣ ከቤቱ ኽምጣኛ፣ ከገበያው አማርኛ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ አብዛኛውን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚሰማ ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ ኀዘናችንን በእንግሊዝኛ ስንናገር ብንሰናከል አያስደንቅም፤ ተሰናክለን መቅረት ግን አይገባንም።

አማርኛ «አዘነ» በሚለው ግስ ላይ ጥቂት ጨምሮ «አሳዘነ» ይላል። በእንግሊዝኛ ግን «ሳድ» ቅጽል እንጂ ግስ ስላልሆነ «ሜክ» የሚባል ግስ እንዲያግዘው ይሻል። ስለዚህ «ወሬው አሳዘነኝ» ለማለት «ዘ ኒውስ ሜድ ሚ ሳድ» ይባላል። ብዙ ተማሪዎች በመካከሉ «ቱ» ይጨምራሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። «አስለቀሰኝ» ሲባልም «ሜድ ሚ ክራይ» ነው። «ቱ» የሚገባው «እንዳለቅስ ተደረግሁ» ሲባል ነው፤ ይኸውም «አይ ዎዝ ሜድ ቱ ክራይ» ማለት ነው።

«አንጀቴን በላው» የሚለውንም ቃል በቃል ብንተረጕመው፣ ሰሚው ሐኪም ይጠራልናል እንጂ ከእኛ ጋር አያዝንም። እንግሊዞች በዚህ ስፍራ ልብ ተሰበረ ይላሉ፤ «ኢት ብሮክ ማይ ሃርት» ማለታቸው ነው።

«ይህ ሁሉ ከፈተና ነጥብ በቀር ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን እጅግ ይጠቅማል እላለሁ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ ከጎረቤታችን ከኮረም ያቀረበው የረኃብ ዘገባ፣ ሞሐመድ አሚን ካነሣው ፊልም ጋር ሲታይ ዓለም አዘነ፤ ለርዳታም እጁን ዘረጋ። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የመከራው ባለቤቶች ቃል በእንግዳ አፍ ተነገረ። ከዚያም ወዲህ ዋግ ድርቅን አይቷል፤ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነትም ደርሶበት ብዙዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ይህን ለዓለም የሚናገር ማን ነው? ሁልጊዜ እንግዳ እስኪመጣልን እንጠብቅን?

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ እንግሊዝኛን ለመመጻደቅ ሳይሆን የእናቶቻችንን ኀዘን ሳናጐድል ለማስረዳት እንማረው። መምህራኖቻችንም ሰዋስውን ሲያስተምሩን፣ በደብተራችን ላይ ከአገራችን ኑሮ የተወሰደ ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ ቢያደርጉን ትምህርቱ ከልባችን ይገባል።